ለየኔታ የተሸነፍኩ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ ሽንኩርት ልገዛ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወርጄ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ቀይ የሱፍ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ አየሁ። ጨርቁ ላይ የደረደረው የናስ መቅረዝ፣ ማንኪያና የቆመ ሰዓት ነበር። እኔ ዕቃውን ትቼ ጎንበስ አልኩና ጨርቁን በጣቶቼ ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፤ ፀሐይ ስለመታው ይሞቃል፤ የቆየ ሱፍና የሰም ሽታ አለው። ሰውዬው «ጨርቁ አይሸጥም፣ ግቬሬት» አለኝ፤ እመቤት ማለቱ ነው። እኔም እገዛለሁ አላልኩትም፤ እጄን ግን ቶሎ ማንሳት አቃተኝ። ሽንኩርቱን ረስቼው ጊሎ ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁ።

አንቺ ስለ ወጣትነትሽ አጫውቺኝ ብለሽኝ ነበር፤ እኔም ምን ወሬ አለኝ ብዬ ዘግቼብሽ ነበር። ወሬስ አለኝ። ደስ የሚል ግን አይደለም፤ ደስ የሚል ከፈለግሽ ሌላ ሰው ጠይቂ።

ያኔ የምንኖረው ኢትዮጵያ ጎዳና፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ነበር። ቅድስቲቱ ከተማ በድንበር ሽቦ ለሁለት የተከፈለችበት ዘመን ነው፤ አሮጌው ከተማ በወዲያኛው በኩል ቀርቶ እኛ በወዲህኛው። አባቴ የግቢው ዘበኛ ነበር። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች፣ በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል እኔና እሱ ብቻችንን እንኖር ነበር። በዝናቡ ወራት ክፍላችን እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፤ ሲሞቅ ደግሞ የጥዱ ሙጫ ሽታ በመስኮት ይገባል። ዓርብ ወደ ማምሻው ከአይሁዶቹ ሰፈር የሰንበት መግቢያ ጡሩንባ ሲጮኽ አባቴ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ያስተካክላል። ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ነበር።

የግቢው የበላይ አስተዳዳሪው መነኩሴ ነበሩ። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ጌታው መሪጌታው ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩትም፣ ዳዊት የደገምኩትም እሳቸው ዘንድ ስለሆነ የኔታ እላቸዋለሁ። ጸሐፊም እሳቸው፣ ማኅተም ያዥም እሳቸው። ከግቢው የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው ብዕር ያልፋል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጠላቸው የማይጨማደድ ሰው ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። ከዚያም ጨርሶ ዝም ይላሉ። እኛ የበሩ ሰዎች ያንን ዝምታ በጣም እንፈራው ነበር።

የኔታ የሚወዱት ነገር ቢኖር ሰንጠረዥ ነው። የኛ ሰንጠረዥ እንደ ፈረንጁ ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተቀባ እንጨት አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል ተሰፍቶ ቤቶቹ ይወጡለታል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይገባል። ንጉሡ፣ ፈረሱ፣ በቀጥታ የሚሄደው ደር፣ ከፊት የሚሰለፈው እግረኛ መደቅ፣ ጠጠሮቹ ሁሉ ከአጥንትና ከቀንድ የተጠረቡ ነበሩ። የኔታ የጧፍ ሰም እያስነኩ ስለሚወለውሏቸው ያብረቀርቃሉ።

ከተማዋ ሳትከፈል በፊት አንድ መነኩሴ ወዳጃቸው ከአሮጌው ከተማ በየእሑዱ እየመጡ ከቅዳሴ በኋላ ይጫወቱ ነበር አሉ። አባቴ ከየኔታ ኋላ ቆሞ ሻይ ይይዝላቸው ነበር። ከዚያ ሽቦው መጣና መነኩሴው በወዲያ ቀሩ። ለገና ፈቃድ ተገኝቶ የኔታ ሲሻገሩ ብቻ ይገናኛሉ፤ እዚያ ያለውን ገዳማችንን ሳይሳለሙ ጨርቁን ይዘረጋሉ ተብለው ይታሙ ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ መነኩሴው ሞቱ። የኔታም ከአንድ ዓመት በላይ ጨርቁን ከሣጥኑ አላወጡትም።

በግቢው ያሉት ሌሎች መነኮሳት ጨዋታውን እንደ ሥራ ፈትነት ያዩታል። ዘበኛ ደግሞ ከመሪጌታ ፊት ለጨዋታ አይቀመጥም። ማንም እንዲህ ብሎ አላወጀም፤ ግን አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ሲቆም ማንም ተቀመጥ ብሎት አያውቅም። የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ ተማሪያቸው። አንድ እሑድ ጥዱ ሥር ጨርቁን ዘርግተው ጠሩኝ።

የዚያን ቀን ያደረግሁት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ከምታከራያቸው ቤቶች በአንዱ ከጀርመን የመጣ ሰዓት ሠሪ ይኖር ነበር፤ የፈረንጁን ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። የፈረንጁ አንዴ አንቺ፣ አንዴ እኔ ነው። ስለዚህ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። የኔታ አንድ መደቅ ገፉ። እኔ እጄን ላነሳ ስል ሌላ ገፉ። ትልቅ ሰው አይቀደምም ብዬ ጠበቅኋቸው። ፈረሳቸውን አወጡ፣ ደራቸውን አዞሩ፣ እኔ አሁንም እጄን እንዳጣመርኩ ነኝ። ሠራዊታቸው በሙሉ ደጃፌ ከደረሰ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ተራዬን፣ የኔታ።»

«እዚህ ተራ የለም፣ ልጄ። አንዳችን አንድ እስክንበላ ድረስ ተራ የለም።»

ወረራ ይሉታል። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደፈቀዳቸው፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ ያንቀሳቀሱትንም ይመልሳሉ። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። የኔታ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ መደቄን በሉ። ጨዋታው ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ማታ አባቴ ራት ላይ ዳቦ ቆራርሶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ያስተምረኝ ጀመር። የማያውቀው ነገር አልነበረም። ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል፣ ደሩ መቼ መውጣት እንዳለበት፣ የኔታ በየትኛው ክንፍ መውረር እንደሚወዱ፣ ሁሉንም ይተነትናል። «ስንት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ» ይል ነበር። እኔም በደብተሬ ጻፍኩት፤ ሸመደድኩት። ያን ሁሉ ይዤ ሄጄ በተከታታይ አሥራ አንድ እሑድ ተሸነፍኩ።

መቼ እንደገባኝ አላውቅም። አንድ እሑድ ብቻ የኔታ ፈረስ ሲያወጡ እጄ ሳላዘው መደቅ ሲመልስ አየሁት። እኔ መደቁን ስመልስ እሳቸው ፈረሱን አንስተው ሌላ ቦታ አኖሩት። እኔም ደሬን አነሳሁ። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ቆየን፤ ማንም ምንም አልበላም፤ ግን ከባዱ ነገር ያለቀው እዚያ ነበር። ቀድሞ የሚበላ ሰው አንድ ጠጠር ያተርፋል፤ ነገር ግን ወረራውን የሚዘጋው እሱ ነው፣ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሌላ ካለ ደግሞ የበላው ያንቀዋል። ይህ ደብተሬ ላይ አልነበረም። አባቴም አልነገረኝም፤ ቆሞ ሲያዩት ትርምስ ብቻ ነው የሚመስለው። የኔታ «ጨርቁን ተይውና እጄን እይ» ይሉኝ የነበረውም ያን ዕለት ገባኝ። ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው ከጠጠሩ በፊት በእጁ ነው።

ለሰዓት ሠሪው ብነግረው ሳቀብኝ። ይህ የገበያ ግርግር እንጂ ጨዋታ አይደለም አለ። አንድ እሑድ ከየኔታ ጋር ሊጫወት መጣና ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ክራቫት አስሮ በራችን ላይ ቆሞ አባቴ አገኘው። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀናል፣ የኔታ እንኳ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እኔም ማሸነፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ንጉሣቸውን የያዝኩት በፈረስ ነበር፤ «ያዝሽኝ፣ ግን በፈረስ ባላገርም ይይዛል» አሉኝ። በዚህ ጨዋታ በፈረስ ወይም በደር መጨረስ ያለ ነው፤ ክብሩ በመደቅ፣ በእግረኛ መጨረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ በተከታታይ አሸነፍኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ የኔታ ምንም አልተናገሩም። ጠጠሮቹን በሰም ጨርቃቸው እየወለወሉ ሰበሰቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሆስፒታሉ ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በከተማው ያለ አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ከግቢያችን አንዲት ልጅ ወስዶ ነርስነት ሊያስተምር ነው፤ የሚያስፈልገው የቤተ ክርስቲያን የምስክር ደብዳቤ ብቻ ነው ተባለ። ዕድሜያችን የደረሰ እኔና የወጥ ቤቷ ሴት ልጅ ነበርን። ደብዳቤውን የሚጽፉት ደግሞ የኔታ ናቸው። ምን ያህል እንደፈለግሁት ልነግርሽ አልችልም። ነጭ ጫማ አድርጌ ከዚያ በር ስወጣ በሕልሜም በእውኔም አየው ነበር። ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ እርጥብ ግድግዳ፣ ለሚገባና ለሚወጣ ሁሉ ጎንበስ ከማለት መውጫው ይሄ ብቻ ነበር፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲቦርሽ ቆየና፣ «ነገ ተሸነፊላቸው» አለኝ።

«ለምን?»

«ሦስት እሑድ ዝም ብለው ነው የገቡት። እኔ አውቃቸዋለሁ። ሲከፋቸው እንዲያ ናቸው። ነገ ደስ ይበላቸውና ሰኞ ስለ ደብዳቤው ትጠይቂያቸዋለሽ።»

«ያውቁብኛል፣ አባዬ።»

«ከየት ያውቃሉ? እኔ ከኋላቸው እቆም የለም እንዴ? እኔ ካላየሁት እሳቸውም አያዩትም።»

እንቢ ማለት እችል ነበር። ለስልሳ ዓመት ያህል የማኝከው ይህን ነው፤ እንቢ ማለት እችል ነበር። ግን እኔም የዘበኛ ልጅ ነኝ። ለትልቅ ሰው መሸነፍ ሲያስተምሩኝ ነው ያደግሁት፣ ያውም ራሳቸው የኔታ።

እሑድ ፀሐዩ ደስ የሚል ነበር፤ የጥዱ ጥላ ጨርቁ ላይ ይወዛወዛል። አባቴ ሻዩን ይዞ ከየኔታ ትከሻ ኋላ ቆሟል። ወረራው እንደ ልማዳችን ረዘመ፤ ከዚያ ተበላላን፤ ወደ መጨረሻው ሳላስበው ሁለት መደቆቼ ንጉሣቸውን ከበቡት። አንዱን አንድ እርምጃ ብገፋው በመደቅ ጨረስኳቸው ማለት ነው፤ የኔታ በሕይወታቸው ስንቴ እንዳዩት አላውቅም። እጄ ወደ መደቁ ሄደ። ከዚያ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። እጄን መልሼ ፈረሴን አነሳሁና የማይረባ ቦታ አኖርኩት።

የኔታ ፈረሱን አላዩትም። እጄን ነው ያዩት። ማድረግ የሚገባቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ንጉሤን ያዙት። አባቴ ከኋላ ሆኖ በደስታ «ኧረ የኔታ፣ ማን ችሎዎት» አለ። የኔታ ጠጠሮቹን ሳይወለውሉ ሰበሰቧቸው።

ሰኞ ሄጄ ስለ ደብዳቤው ጠየቅኋቸው። ለወጥ ቤቷ ልጅ ተጽፎ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከቆምኩበት አነበብኩት፤ ቆንጆ ጽሕፈታቸው ነበር።

«ላንቺ ነበር ያሰብኩት» አሉ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው። «ወዳጄ ከሞተ ወዲህ እነዚያ ሦስት እሑዶች ብቻ ናቸው ደስ ብሎኝ ያደርኩባቸው። ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።»

«የኔታ፣ አባቴ ነው…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

«እኔን ያታለለ እጅ የበሽተኛ መድኃኒት አይሰፍርም» አሉኝ፤ ሂጂ የሚል ምልክትም ሰጡኝ።

ስሚኝ፤ እኒያ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ግን ዕድሜ ልካቸውን በፊታቸው ቀና ብሎ የሄደ ዘበኛ አይወዱም ነበር። እውነት የሚነግራቸውን ሰው ዝም እያሉ ሲያስፈራሩ ኖረው፣ አንድ ቀን በፈለጉት ጊዜ እውነቱን ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠየቁ። እውነቱን ሳልሰጣቸው ስቀር ቀጡኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል።

አባቴ ግን አላመነም። «አልታወቀም» ይለኝ ነበር። «ቆሜ እያየሁ! ሰበብ ነው፤ የበር ሰዎች ስለሆንን ነው።» እኔም የነገሩኝን ስደግምለት ራሱን ይነቀንቃል። «እስቲ እንዴት አወቁ? በይ ንገሪኝ፣ እንዴት አወቁ?» ይህን የማያውቅ ሰው ቢነገረውም አይገባውም፤ ደግሞም ልነግረው አልፈለግሁም። ተቀይሜው ነበር። ራቱን አቀርብለታለሁ፣ ልብሱን አጥብለታለሁ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። በዓመቱ እዚያው ሆስፒታል ተቀጠርኩ፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አንሶላ ተኳሽ ሆኜ። ሠላሳ አምስት ዓመት ተኮስኩ። የወጥ ቤቷ ልጅ ነጭ ጫማዋን አድርጋ በኮሪደሩ ስታልፍ ሁልጊዜ ቆማ ሰላም ትለኝ ነበር፤ ጥሩ ሰው ናት፤ እሷን ምን አድርጊ እላታለሁ።

በመጀመሪያው የሥራ ክረምቴ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አባቴ ከእንቁላል ካርቶን ቆርጦ፣ በከሰል አስምሮ ሰንጠረዥ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጠጠሮቹ የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ፣ የልብስ ቁልፍና የወይራ ፍሬ ነበሩ። «እስቲ አንድ ጊዜ» አለኝ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ለጨዋታ የሚቀመጠው። ያ ሁሉ ትንታኔው በወረራው መሃል ጠፋበት። እጁ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ እኔ አሥር ሳንቀሳቅስ እሱ ሁለት ነው። «ቆይ፣ ይህን እኮ አውቀው ነበር» ይላል። በየቅዳሜው ይዘረጋል፣ በየቅዳሜው ይሸነፋል፤ ግን ደስተኛ ነበር፣ ስለምናወራ። እኔም ሳላስበው ቅያሜዬ እየላላ ሄደ።

ከዚያ ደረቱን ታመመ። ዝናብ ሲዘንብ ቆይቶ ባባራበት አንድ ቅዳሜ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ካልተጫወትን አለኝ። ሲያስለው ቆርኪዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንጀቴን በላኝ። አንድ ቀን እንኳ ያሸንፍ ብዬ ደሬን በመደቁ መንገድ ላይ ተውኩለት። በላው። ከሦስት እርምጃ በኋላ ንጉሤ መሄጃ አጣ።

ይደሰታል ብዬ ቀና አልኩ። የበላውን ቆርኪ በሁለት ጣቱ ይዞ ካርቶኑን እያየ ነበር።

«ይታወቃል ለካ» አለ።

«ምኑ?»

«የኔታ እንዴት አወቁ እያልኩ ስጠይቅሽ የነበረው። እንዲህ ነው ያወቁት።»

ዓይኑን ከካርቶኑ ላይ ማንሳት አቃተው። በአንድ ምክር ምን እንዳደረገኝ ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። ከዓመት በላይ ይህን ቅጽበት ስመኝ ነበር፤ ሲመጣ ግን መሸከም አልቻልኩም።

«አይደለም፣ አባዬ» አልኩት። «ደሬን ሳላየው ነው። አሸነፍከኝ እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «እንዲያ ከሆነ እሺ» አለኝ፤ ቆርኪዎቹንም አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሰ። ያመነኝ ለመምሰል ነበር። ያም ይታወቅ ነበር።